ሰማጩ ግንድ ሲወጣ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ ወንድምዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው ወገቤን ያመኛል ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ሐሳብ ገብቷታል። ሸክም ስታነሣ ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አታጉብጥ በይው ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት አንድ ቀን ይነሣባታል፣ አንድ ቀን ይተዋታል፤ በተዋት ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ስትዞር ትውልና በማግስቱ እንደገና ያማታል። አባዬም ደህና ነው።

«ደህና ነው» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ተነሣሁ። መስኮቱን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት፣ መጋዝ ቤቱ ድረስ ሄጄ ምንም ሳልይዝ ተመለስኩ። ሰሞኑን እንዲህ ሆኛለሁ። ቁጭ ስል እግሬ አላስቀምጥ ይለኛል፤ ስነሣ ደግሞ የት እንደምሄድ አላውቅም። እማዬ ምን ነክቶሽ ነው ትለኛለች፤ ሰጋቱራው አሳክኮኝ ነው እላታለሁ። ስለዚህ ደብዳቤው ቢዘበራረቅብህ ታገሠኝ፤ ብዙውን ቆሜ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ይህ ነው። ወንዙ ጎደለ። ዝናብ ጠፍቶ ውሃው ከዚህ በፊት አይተነው በማናውቀው መጠን ቀነሰ። በልጅነታችን ከላዩ እየዘለልን የምንዋኝበት ድንጋይ አሁን ደረቅ አሸዋ ላይ ብቻውን ቆሟል። ትራክተረኛው የትራክተሩን ጎማ ሊያጥብ ወርዶ፣ ከወንዙ መታጠፊያ በታች ጭቃ ውስጥ ጥቁር ጀርባ የመሰለ ነገር አየ። መጀመሪያ አውሬ መስሎት ትራክተሩን ጥሎ ሮጧል፤ ሲነግረን ራሱም እየሳቀ ነበር። አባዬ ግን አልሳቀም። የያዘውን መዶሻ እንኳ ሳያስቀምጥ ወረደ፤ ሱሪውን ሳይሰበስብ ውሃ ውስጥ ገባ። እኔ ከዳር ሆኜ አየዋለሁ። እጁን ጥቁሩ ነገር ላይ አሳርፎ ቆመ። ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ያኔ ነው ያወቅኩት። አንተም ይህን ስታነብ አውቀሃል። ያ ግንድ ነው።

ያን ቀን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ቢሆንም በተራ ካላስቀመጥኩት የሚቀጥለውን መጻፍ አልችልምና ፍቀድልኝ። እኛ ሰማጭ የምንለው እንጨት ከውሃ ስለሚከብድ ብቻውን አይንሳፈፍም፤ አባዬ በቀላል ግንዶች መሐል አንጠልጥሎ ነበር በወንዙ የሚያወርደው። ባለ ቀለበት ችንካሮቹን ግንዱ ላይ ከፊትና ከኋላ የሚመታው እሱ ነው። የሽቦ ገመዱን ከኋላው ቀለበት አንሥተህ በመንሳፈፊያዎቹ፣ በቀላሎቹ ግንዶች ላይ አሳልፈህ ከፊተኛው ቀለበት ጋር የምታስረው አንተ ነህ። ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ የሚመራው ደግሞ አጎታችን። ያን ጠዋት ሥራው ዘግይቶ አባዬ ሰውን ሁሉ ያጣድፍ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ግንዱ በፊቱ በኩል ሾለከና ቁልቁል ሄደ። መንሳፈፊያዎቹ ተገለባበጡ፤ አጎታችን መሐላቸው ገባ። አስከሬኑን አወጣነው፤ ግንዱ ግን ከነገመዱ እዚያው ሰምጦ ቀረ።

ሰው ሁሉ ለለቅሶ በተቀመጠበት አባዬ ቀና ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ቋጠሮው የማን ነበር?» አለ። ገደልከው አላለህም። ጥፋተኛ ነህ አላለህም። መልሱን ግን ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። አንተም ብዙ ሳትቆይ ልብስህን ጠቅልለህ ሄድክ፤ አባዬ ከዚያ ወዲህ ስምህን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። የመጋዙን ሥራ እኔ ያዝኩት። ትያዘው ያለ ማንም አልነበረም፤ የሚይዘው ስለጠፋ ነው።

ወደ ግንዱ ልመለስ። እማዬ ሊወጣ ነው ሲባል እምቢኝ አለች። አንድ ሰው በልቷል፣ ይበቃዋል፣ እዚያው ይቅር ብላ አባዬን ለመነችው። አባዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንዲህ ያለ ሰማጭ ዛሬ ጫካ ውስጥ እንኳ የለም፣ ወንዙ መልሶ ከሞላ ዳግመኛ አናየውም እያለ ግቢውን ሲዞር ይውላል። ለእኔም መከራዬን ያሳየኛል። ዝም ስል ምነው ዝም አልሽ ይላል፤ ስናገር ማን ጠየቀሽ ይላል።

በመጨረሻ ትራክተረኛው በወፍራም ሰንሰለት ጎትቶ ዳር አወጣው። ግንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ውሃ ውስጥ ተኝቶ አልበሰበሰም፤ ትል አልነካውም። በመዶሻ ስመታው እንደ ብረት ጮኸ። እኔ ውሃ በባልዲ እያመላለስኩ ጭቃውን ከኋላ በኩል ማጠብ ጀመርኩ። የኋላው ችንካር እንደተመታ ቆሟል፤ ቀለበቱ ላይ ያንተ ቋጠሮ አለ። ያ ገመዱን ደጋግመህ ጠምዝዘህ ጫፉን ወደ ውስጥ የምትደብቀው አስተሳሰርህ። ዝጎ ቀልቷል እንጂ ቅንጣት አልላላም። ገመዱን በእጄ ይዤ እየተከተልኩ ወደ ፊት ሄድኩ። የፊቱም ቋጠሮ እንዳለ አለ። ቀለበቱም አለ። ችንካሩም ከቀለበቱ ጋር አለ፤ ግንዱ ላይ ግን አይደለም። ገመዱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ግንዱ ላይ ችንካሩ የነበረበትን ቦታ አጠብኩት። ረጅም ስንጥቅ ነው። ሰማጭ ሳይሰረሰር ችንካር ከመቱበት ወይ ችንካሩ ይታጠፋል ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ይህን እንኳን እኔና አንተ፣ ግቢያችን ውስጥ ሻይ ጠጥቶ የሄደ ሰው ሁሉ ከአባዬ አፍ ሰምቶታል። የኋላውን ሄጄ ደግሜ አየሁት፤ በችንካሩ ዙሪያ የሚታየው የመሰርሰሪያ ቀዳዳ አፉ ክብና ጥርት ያለ ነው። የፊተኛው ላይ ጣቴን ሰድጄ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። ቀዳዳ የለም።

አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ትራክተረኛው ጎንበስ ብሎ አየና፣ ታሪካችንን የሚያውቅ ሰው ነውና፣ በቀስታ፦

«ጋሼ፣ ቋጠሮው እኮ እንደታሰረ ነው» አለ።

«አየሁት» አለ አባዬ።

ከገመዱ ጫፍ ችንካሩን አንሥቶ እንደያዘ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ትራክተረኛው ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ሞተሩን ያስነሣል፣ ያጠፋል፣ መልሶ ያስነሣል። እኔም ውሃ መቅዳቴን ቀጠልኩ። የሚታጠብ ነገር አልነበረም፤ ዝም ብዬ እቀዳለሁ።

እማዬ ነገሩን ከትራክተረኛው ሰማች። ቤቱ ይደበላለቃል ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ልጄ ይምጣ ባልኩህ ቁጥር ፊትህን ወደ ግድግዳ ስታዞር የኖርከው ለዚህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ቃል ግን የለም። እሱም እህል አልወርድልህ አለው። ግንዱ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ሰው ሲጠጋው ይቆጣል።

ወሬው እስከ ወንዙ መጨረሻ ደርሶ ከዚያ አንዲት ጀልባ ሠሪ በጭነት መኪና መጣች። ጠና ያለች ሴት ናት፤ እጇ የወንድ አናጢ እጅ ይመስላል። ግንዱን እንዳለ ልግዛው አለች፤ አባዬ አይሸጥም ብሏት ገባ። እሷ ግን ቶሎ አልሄደችም። ስለ ሰማጭ ጠባይ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ ዘመድ እንደምናገር ሁሉ ወሬዬ አላልቅ አለ። ምስጥ እንደማይደፍረው፣ እሳት ቶሎ እንደማይዘው ነገርኳት። የድልድይና የወደብ ምሰሶ ሆኖ ውሃ ውስጥ የሚያረጀው ከሠራው ሰው በኋላ እንደሆነ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ሲነጠፍ ክብደቱን ችሎ እንደሚተኛ ነገርኳት። ዘይት ስላለው በአልኮል ካልተወለወለ ኮላ እንደማይቀበል፣ የመጋዝ ጥርስ እንደሚያዶለዱም፣ ብናኙ ዓይንና ደረት እንደሚያስቆጣ፣ አፍና አፍንጫ ሳይሸፍኑ እንደማይሠራ። እሷም ጀልባዎቿን ከሥር የምትይዝበት ወራጅ ከዚሁ እንጨት እንደሆነ፣ አሁን ግን የሚሰነጥቅላት ሰው እንዳጣች ነገረችኝ። ቀጥላ እጄን አየችና፣ አንቺን የመሰለ ሰው ቢኖረኝ አለች። እኔ ዘይት ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ምን ዘይት እንደሆነ ግን አላውቅም።

አባዬ አንድ ቀን ጠዋት ድንገት ዛሬ እንሰነጥቀዋለን አለኝ። ታስታውሳለህ፣ ሰማጭ ውስጡ ተወጥሮ ነው የሚያድገው፤ መጋዝ ሲገባበት በድንገት ለሁለት ይፈነዳና ጫፉ ይወረወራል። ስለዚህ ዳርና ዳሩ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሰውም ፊት ለፊቱ አይቆምም። አባዬ በሰንሰለት አሰረው፤ በደንብ አሰረው። ከዚያ ሄዶ ግንዱ ፊት ለፊት ቆመ።

መጋዙን አስነሥቼ ነበር፤ አጠፋሁት።

«አባዬ፣ ከዚያ ካልተነሣህ አልሰነጥቅም» አልኩት።

ሥራሽን ሥሪ አለኝ። የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ ግንዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ተያየን። አባዬ፣ እሱም የቆመው ከፊት ነበር አለ፤ አጎታችንን ማለቱ ነው። ድምፁ የአባዬ ድምፅ አይመስልም ነበር።

«አጎቴ ከፊት የቆመው መንገዱን ሊያይ ነው» አልኩት። «አንተ ምን ልታይ ነው?»

ከቦታው ተነሥቶ በእኔ በኩል መጣና የመጋዙን ጠረጴዛ ይዞ ቆመ። እንደዚያ ሆነን ሰነጠቅነው። ግማሹ ላይ ስንደርስ እንደ ጥይት ጮኾ ተሰነጠቀ፤ ሰንሰለቱ ያዘው። የጫፉ ስንጣሪ ግን አባዬ ቆሞበት በነበረው በኩል በርሮ በሩ ላይ ተሰካ። አባዬ ሄዶ ስንጣሪውን ነቀለው። እኔም ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩ። ሰጋቱራው እንደ እርድ ቢጫ ነው። ከውስጥ የወጣው ጣውላም መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ ብርሃን ሲያገኘው እያየነው ጠቆረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ የሥራ ጠረጴዛ እየሠራ ነው። መልኩን ብታይ! እግሮቹ የእኔን ጭን ያህላሉ፤ ሦስት ጎረምሳ አያነሣውም። መሥራት እንደጀመረ፣ ወንድምሽ ግራኝ ነው አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ጣውላ ነክሶ የሚይዘውን ሞርሳ በቀኝ በኩል ገጥሞት ነበር፤ ፈትቶ ወደ ግራ አዞረው። ቁመትህንም ጠየቀኝ። ከሄደ በኋላ የሚያድግበት ዕድሜ ላይ አልነበረም ብዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። አሁን ልብ ብዬ ሳየው፣ ሚስማር ቢሉ፣ ብሎን ቢሉ፣ ሳይሰረስር አንድም አይመታም። ለሰማጩ ብቻ አይደለም። ትናንት የዶሮ ቤቱን በር ሲጠግን፣ ያን በጥፍር የሚበሳ ለስላሳ ጣውላ ማለቴ ነው፣ መሰርሰሪያ ይዞ ተንበርክኮ አየሁት።

እዚህ ላይ ግን የሆዴን ካልነገርኩህ ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የምሠራው በሁለት በርሜል ላይ በተጋደመ ጣውላ ነው። ይወዛወዛል። ወገቤን የሚያመኝ እኔንም ነው፤ ለእማዬ ስለማልነግራት ነው እንጂ። እና አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ ለእኔስ ማን ይሥራልኝ አልኩት። አባዬ በመገረም አየኝ።

«አንቺ እዚህ አይደለሽ?» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። ወንድምዓለም፣ ይህን የምነግርህ ባንተ ላይ ቂም ይዤ እንዳይመስልህ። ጠረጴዛው ይገባሃል፤ ከዚያም በላይ ይገባሃል። ግን ያን ቀን ከመጋዝ ቤቱ ወጥቼ እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያውም እስከ መንገዱ ሄድኩ፤ ልመለስም ስል እግሬን መጎተት ነበረብኝ።

በበነጋው ጀልባ ሠሪዋ ተመልሳ መጣች። አባዬ ከጠረጴዛው የተረፈውን ጣውላ እንድትወስድ ፈቀደላት። እማዬ ከእሷ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ብዙ አወራች። ስለ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ስገባ ሁለቱም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

አባዬ እንደምጽፍልህ ያውቃል። ትናንት ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ እየሰረሰረ፣ ቀና ሳይል፦

«ቋጠሮው ጥሩ ነበር በይው» አለኝ።

ይኸው ነው ወይ አልኩት። የሆነ ነገር ተናገረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ነገር ግን መሰርሰሪያውን አላጠፋውም ነበርና አልሰማሁትም። ድገምልኝ ማለት አልቻልኩም። እሱን መጥተህ አንተው ጠይቀው።

ና ብዬ አላዝህም፤ መብት የለኝም። ወንዙ እስኪሞላ መንገዱ ለመኪና ክፍት ነው፤ ይህን ያህል ልበልህ። ከመጣህ ግን ልብ የምትላቸው ነገሮች እነሆ። የመጋዝ ቤቱ ቁልፍ እማዬ ዘንድ ነው። የሞተሩ ቀበቶ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ሲሞቅ ትንሽ አላላው። አዲሱን የመጋዝ ምላጭ ስዬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ በላይ አስቀምጬዋለሁ። ሰማጭ ስትሰነጥቅ መስኮቶቹን ክፈት፤ አፍህን ሳትሸፍን እንዳትጀምር፤ አባዬንም አስገድደው፣ እሱ አይሸፍንም። ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ መስመር የምታሰምረው አንተ ሁን፤ ግን እሱ ያሰመረ ይምሰለው። የእማዬን መድኃኒት የሚያመጣው ትራክተረኛው ነው፤ ሲረሳ አስታውሰው። በርሜሎቹን ከፈለግክ ጣላቸው።

ጀልባ ሠሪዋ ነገ ጠዋት ጣውላዋን ልትጭን ትመጣለች፤ ይህም ደብዳቤ በእሷ መኪና ነው ፖስታ ቤት የሚደርሰው፤ እኔው በእጄ አስገባዋለሁ።

አሁን እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ምርቃቷን እያስጻፈችኝ ነው። ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ፤ ወገብህን ይማርልህ፤ ጉልበትህ አይዛል፤ የሠራህበት እጅህ ይባረክ ብላለች። በመጨረሻም መንገዳችሁን ያቅናላችሁ ብላ አስጻፈችኝ። እማዬ፣ የምጽፈው ለአንድ ሰው ነው፣ መንገድህን ልበል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና፣ ያልኩሽን ጻፊ አለችኝ።

ያለችኝን ጽፌያለሁ።

በናፍቆት የምትወድህ
ታናሽ እህትህ